ቁጥሩ በማን ጣት ላይ ተፈተነ?

የስማርት ሰዓትን ጀርባ ገልብጦ ያየ ሰው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ያገኛል። የልብ ምት የሚቆጠረው በዚያ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ይውጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ጨመር ቀነስ ሲል ወደ ሴንሰሩ የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ይለዋወጣል። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ የሚሰካው የሐኪም ቤቱ ኦክሲሜትርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደም የተሸከመውን ኦክሲጅን በመቶኛ መገመቱ ነው። ሁለቱም ግን ደሙ ጋ የሚደርሱት ቆዳን አቋርጠው ነው፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ደግሞ ራሱ ብርሃን ይውጣል። ታዲያ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚነበበው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄው ከ30 ዓመት በላይ ሲንከባለል ቆይቷል። የእኔ መልስ፣ ቁጥሩ የሚታመነው መሣሪያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት እኛን በመሰሉ ሰዎች ላይ የተፈተነውን ያህል ነው የሚል ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የምትገዛ ሀገር የፈተናውን ውጤት ጠይቃ ማየት ይገባታል።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ ደግሞም ደስ ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው አልሪክ ኸርትዝማን የደምን መመላለስ በብርሃን ተከታትሎ የጻፈው በ1937 ነበር። በ1970ዎቹ ሂውሌት ፓካርድ ጆሮ ላይ የሚደረግ ኦክሲሜትር ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ስምንት ዓይነት የብርሃን ሞገድ ይጠቀም ነበር፤ ስምንት መሆኑም ቆዳን ጨምሮ ብርሃን የሚውጡ ሌሎች ነገሮችን ከደሙ ለይቶ ለማስላት ይረዳ ነበር። ነገር ግን ትልቅና ውድ ነበር፤ ጆሮንም ማሞቅ ነበረበት። በዚያው ዘመን ጃፓን ውስጥ ታኩኦ አዮያጊ የተባለ መሐንዲስ ሌላ ነገር ሲፈልግ ቆይቷል። ልብ የምትረጨውን የደም መጠን በጆሮ በኩል ለመለካት ሲሞክር የልብ ምቱ ንባቡን እያወዛወዘ አስቸገረው። ውዝዋዜውን ለማጥፋት ሲታገል፣ የሚፈልገው መረጃ ያለው እዚያው ውስጥ መሆኑን በ1972 ተረዳ። ከልብ ጋር የሚመታው ደም ቅዳ ብቻ ነውና፣ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ ነጥሎ ያነበበ ቆዳውንና አጥንቱን ከስሌቱ ያወጣል። ሁለት ሞገድ በቂ ሆነ፤ መሣሪያው አነሰ፣ ረከሰ፣ በ1980ዎቹ በብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ተስፋፋ። አዮያጊ በ2020፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ኦክሲሜትር ፍለጋ ስትሯሯጥ አረፈ።

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንግዲህ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ተዘግቷል፤ ቆዳ አይመታምና። ብዙ ባለሙያዎችም ለዓመታት ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የተግባሩ ነገር ግን ይለያል። ከመሣሪያው የምትወጣው ትንሿ መብራት አንድ ሞገድ ብቻ ሳይሆን የተቀራረቡ ሞገዶችን ትረጫለች፤ ሜላኒን ደግሞ አጫጭሮቹን ይበልጥ ስለሚውጥ ደሙ ጋ የሚደርሰው ቀይ ከመብራቷ ከወጣው ቀይ በመጠኑ የተለየ ይሆናል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ኦክሲጅንን በቀጥታ አያይም። የሚያየው በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ያለውን ንጽጽር ነው። ያ ንጽጽር ወደ መቶኛ የሚለወጠው አምራቹ አስቀድሞ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የሚሠራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ ቀስ በቀስ የተቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ይደረጋል፤ በየደረጃው ከእጅ አንጓቸው ደም ቅዳ ደም ይቀዳል፤ በላቦራቶሪ የተገኘው ልክ ከመሣሪያው ንባብ ጋር ይገጣጠማል። የመሣሪያው ትክክለኛነት የሚፈተነውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ፈቃደኞቹ እነማን ናቸው? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ሰዎች ይፈተኑ፤ ከእነሱም 2ቱ፣ ወይም ከጠቅላላው 15 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ይኑራቸው ይል ነበር። በዓለም ገበያ ላይ ለሚቸበቸብ መሣሪያ ሁለት ሰው!

ማስረጃው ድንገት የመጣ አይደለም። በ1990 ጁብራንና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማንን አጥንተው ነበር። ለነጮቹ 92 በመቶ የሚል ንባብ ሲያስተማምን፣ ጥቁሮቹ ላይ ተመሳሳይ እርግጠኝነት ለማግኘት 95 ማየት እንደሚያስፈልግ ጻፉ። በ2005 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦክሲጅን ዝቅ ባለ መጠን በጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነታው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌው እንደሚጨምር በቤተ ሙከራ አሳዩ። ሁለቱም ጥናቶች በሕክምና መጽሔቶች ታትመው መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ነገሩን ሰው ሁሉ የሰማው በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባሳተሙት አጭር ደብዳቤ ነው። ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ያነበበባቸውን ጊዜያት ከደም ምርመራው ጋር አመሳከሩ። ከጥቁር ሕሙማን ከተወሰዱት 749 ልኬቶች በ88ቱ እውነተኛው ኦክሲጅን ከ88 በመቶ በታች ነበር፤ ይህ 11.7 በመቶ ነው። በነጮቹ 3.6 በመቶ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። 94 የተነበበለት ታማሚ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ደሙ ግን 87 ነው። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናትም በኮቪድ የተያዙ ጥቁር ሕሙማን በዚህ ምክንያት ሕክምና እንደሚገባቸው የታወቀው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይታወቅ እንደቀረ አሳይቷል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ በቅንነት መታየት አለባቸው። አንደኛው ስማርት ሰዓትን ይመለከታል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ሰዓቶችን ሞክረው፣ የልብ ምት ቆጠራው በቆዳ ቀለም የጎላ ልዩነት እንዳላሳየ ዘግበዋል፤ ይበልጥ ያሳሳተው የሰውየው እንቅስቃሴና የሰዓቱ ዓይነት ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ምት መቁጠርና ኦክሲጅን መገመት አንድ አይደሉም። ብርሃኑ ቢደክምም ጉብታው እስከታየ ድረስ ምቱ ይቆጠራል። ኦክሲጅን ግን የሚሰላው ከጉብታው ቁመት ነው፤ ቁመቱ በጥቂቱ ሲዛባ መቶኛው አብሮ ይዛባል። ከ2020 ወዲህ አፕልን የመሰሉ አምራቾች የኦክሲጅን ንባብ በሰዓት ላይ ሲጨምሩ «ለሕክምና አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ አብረው አስቀምጠዋል። ማሳሰቢያው የሕክምና መሣሪያ ማለፍ ካለበት ፈተና ያድናቸዋል፤ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሰዓቱን የሚያይ ሰው ግን ማሳሰቢያውን አያስታውስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። መሣሪያ በጠፋበት ሀገር መሣሪያውን ማማት ሰው ይገድላል የሚል ነው። እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ ኦክሲሜትር የገባው ሕይወት ስለሚያድን ነው፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 ለኦክሲጅንና ለኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ያወጣው ለዚሁ ነው። ኦክሲሜትር የሌላት ነርስ ምርጫዋ የሕፃኑን ከንፈር መጥቆር ማየት ነው፤ ያ ደግሞ በጥቁር ቆዳ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ ያሳስታል። ስለዚህ መሣሪያው ይጣል የሚል ክርክር የለኝም። የምለው የሚገዛው የተፈተነው ይሁን ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የጤነኛ ሰው ንባብ ከጅቡቲው በጥቂት ነጥብ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አጥንተው ዓለምን ያስደነቀ ውጤት አሳተሙ። የደገኞቹ ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የተለየ አልነበረም፤ የኦክሲጅን መጠናቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። የአንዲስና የቲቤት ሰዎች በዚያ ከፍታ እንዲህ አልሆኑም። ኦክሲጅኑ የተለካው ጣት ላይ በሚሰካ ኦክሲሜትር ነው። ግኝቱ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሄሞግሎቢኑ የተለካው ከደም ናሙና ነውና ለብቻው ይቆማል። ነገር ግን ሦስት ሕዝብን የሚለየው ነገር ጥቂት ነጥብ ከሆነ፣ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያዛባው ጥቂት ነጥብም እንደ ቀላል ሊታለፍ አይችልም። ኦክሲጅን ለመስጠት 90ን መነሻ የሚያደርግ ጤና ጣቢያም ያለው እዚያው ጠባብ ዳር ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በዝግታ ተንቀሳቅሷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2021 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2022 እና በ2024 አማካሪዎቹን ሰበሰበ፤ ኦክላንድ ከተማ የሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል በ2023 አምራቾችንና ሻጮችን ከሰሰ። በጥር 2025 የወጣው ረቂቅ መመሪያ 10ሩን ፈቃደኛ ወደ 150 ከፍ አድርጎ፣ የቆዳ ቀለማቸውም የሃርቫርዱ ኤሊስ መንክ ባዘጋጀው ባለ10 ደረጃ መለኪያ እንዲመደብ ይጠይቃል። ቀድሞ በስፋት ይሠራበት የነበረው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 ሲወጣ የታሰበው ለነጮች የቆዳ ሕክምና የጨረር መጠን ለመወሰን ነበር፤ ጥቁር ቆዳ የተጨመረበት በኋላ ነው። ረቂቁ ግን ለእኛ ገዢዎች አይደርስልንም፤ በየጤና ተቋሙ የሚሠሩት አሮጌዎቹ መሣሪያዎች አሁንም በቀድሞው ሠንጠረዥ ያነባሉ። መፍትሔው በጨረታ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው፦ ተጫራቹ መሣሪያው በስንት ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እንደተፈተነና ስህተቱ በየቀለሙ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ያላቀረበ ከውድድር ይውጣ። እስከዚያ ድረስ አንዱን ቁጥር ብቻ ከማመን የንባቡን አካሄድ መከተል ይሻላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ 93 ስለተነበበለት ብቻ ወደ ቤቱ አይሸኝ፤ የደም ቅዳ ምርመራ ባለበት ሆስፒታልም ምርመራው ይታዘዝለት።