ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድና ሜዳ ለማደር ጀማሪ ለሆነ ነጋዴ፤ ስለ ይፋት ቆላ ጥቂት ምክር

ወጣትነታቸውን በሱቅና በመጋዘን ውስጥ ያሳለፉ ብዙ ነጋዴዎች፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባና ወደ አምሳ ሲጠጋ፣ ከሒሳብ መዝገብ ርቀው አንድ ሁለት ቀን በዱር አየር ለማሳለፍ ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከልጅነቱ ያልለመደው ሰው በየት በኩል እንደሚጀምር ስለማያውቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ጠመንጃ ስለ መግዛት ነው። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን እንደሚገባው ለማስረዳት የተሰናዳ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ሜዳ ማደርን፣ ቀጥሎ ዓሣ ማጥመድን፣ በመጨረሻም ካስፈለገ አደንን መማር ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የይፋትን ቆላ ነው። ማሾና ሽንኩርት ለመግዛት ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸውና፣ መንገዱን አስቀድመው ያውቁታል።

ስለ አገሩ ጠባይ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገደኛው የደብረ ብርሃንን ደጋ አልፎ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቈፈረውን የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ከብርዱ ሲነሣ የደረበውን ካፖርት ሮቢት ሲደርስ ሊሸከመው ይገደዳል፤ ከተማው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ነውና።

ይህ ቆላ ለንግድም ሆነ ለአደን እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፈው ከአንኮበር በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ከሸዋ ይወጣ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድ ውል የተዋዋለው እንግሊዛዊው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪካ በአዳኝነቱ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው በፉከራና በዘፈን የሚከበርበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን ዝሆኑ ከይፋት ጠፍቶአል፤ ሕጉም ተለውጦአል።

ሜዳ ስለ ማደር

ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ነው። የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች የሚነሡት ከምዕራቡ ተራራ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ደራሽ ጎርፍ በድንገት ይመጣል። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ መተኛት ምቹ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ሰውንም ዕቃንም የሚያስወስድ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ከወንዙ ዳር ርቆ፣ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ፣ በባለ መሬቱ ፈቃድ መተከል አለበት።

ሁለተኛው ጠላት ወባ ነው። የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ትንኝ ስለምትበረታ፣ አጎበር ከድንኳኑ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ለጀማሪ ይስማማሉ፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ መሬቱም ይደርቃል። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይበቃሉ፤ ውሃ ግን ሳይፈላ አይጠጣ።

ብርዱን የማይፈራ ሰው ከይፋት ቆላ በላይ ወዳለው ወደ መንዝ ጓሳ ቢወጣ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ አድሮ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ይችላል። ይህን የሣር ምድር ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለብዙ ምዕት ዓመታት ሲጠብቀው ኖሮአል፤ እዚያም የሚታደን ነገር የለም።

በአገሩ ላይ የደረሰውን መከራም መዘንጋት አይገባም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሸዋ ሮቢት በግጭትና በጦርነት ተጐድተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶአል። ስለዚህ ማንም ሰው የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከአገሬው ሰው ሳያረጋግጥ ድንኳን ጭኖ መነሣት የለበትም። ሰላም ከሌለ ሽርሽሩ ይቅር።

ዓሣ ስለ ማጥመድ

በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ጀማሪው በብዛት የሚያገኛቸው ዓሦች ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና ትል ወይም ሊጥ ይበቃዋል። አምባዛ ከውሃው ወለል አጠገብ የሚኖር፣ ይልቁንም በማታ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ፣ እርሳስ የታሰረበት ጠንካራ ክር ይጠይቃል። በጎንና በጎኑ ያለው እሾህ እጅን ስለሚወጋ፣ በጨርቅ ይያዝ። ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ሰው ብዙ ነውና፣ ለወዳጅ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ጨዋነት ነው።

የይፋት ወንዞች በበጋ ለመስኖ ስለሚጠለፉ ውሃቸው ያንሳል። ስለዚህ እጁን ለማፍታታት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 ግድቡ ወደ ተፈጸመው ወደ ቆቃ ሐይቅ ቢሄድ ይሻለዋል። በአዋሽ ዳር ግን አዞና ጉማሬ ስላሉ፣ ውሃው ውስጥ መቆም አይገባም፤ በዝግታ በሚሄድ ውሃ ውስጥም በባዶ እግር መግባት ቢልሃርዝያን ያመጣል። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ስለሚጨርስ ሊወገዝ ይገባዋል።

ስለ አደን

የአራዊት አደን በሕግ መወሰን የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 አደንን የሚመለከት ደንብ አውጥተው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ያደነ ወይም የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘና የነገደ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጎአል። ሕግ ስለሚሻሻል፣ አሁን የሚሠራበትን ደንብ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለ ሥልጣን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠመንጃም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። «ጅግራ ብቻ ነው የተኮስሁት» ማለት ከክስ አያድንም።

ለነጋዴዎች የተለየ ማሳሰቢያ

በምሠራበት የንግድ ቤት አንድ የክፍለ ሀገር ደንበኛ የነብር ቆዳ እንድንቀበለውና በዕዳው ላይ እንድናስብለት በደብዳቤ ጠይቆን ነበር። የቤቱ ባለቤት ያጻፉኝ መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ዕዳዎ ይቆየን፤ ቆዳውን ግን አንቀበልም» የሚል። ትክክለኛ መልስ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ አራዊትን ንግድ የሚቆጣጠረው የዓለም ስምምነት አባል ናት፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በአደባባይ አቃጥላለች። ከአንድ ቆዳ የሚገኘው ትርፍ የንግድ ፈቃድንና ስምን አይተካም።

የሚያዋጣው ንግድ ሌላ ነው፤ ልዩ ልዩ ቁጥር ያለው መንጠቆ፣ ክር፣ እርሳስ፣ ውሃ የማያስገባ ሸራ፣ ችካልና ገመድ፣ አጎበር፣ ባትሪና ኮዳ። እነዚህን በአንድ መደርደሪያ ላይ አሰናድቶ፣ አጠቃቀማቸውን አውቆ የሚያስረዳ ባለ ሱቅ ደንበኛ አያጣም። አጠቃቀማቸውን ለማወቅ ደግሞ እርሱ ራሱ ሰላም በሆነ ጊዜ አንድ ሌሊት ሜዳ ቢያድርባቸው ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ነው።