ፈጣንም ይሁን፣ ይጎትትም

«በአዘቦት ለሥራ፣ ቅዳሜ ጀልባ ለመጎተት፣ ደግሞ የሚበር ያገለገለ መኪና ምረጥልኝ» የሚለኝ ደንበኛ በዝቷል። እዚህ አሜሪካ የኔ ምርጫ ዶጅ ዱራንጎ ኤስአርቲ ነው። የ2018 ሞዴሉ 475 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከባድ ተሳቢም ይጎትታል። ቤንዚን ይጠጣል፣ አልዋሻችሁም።

ብዙዎች የሚረሱት የሾፌሩን በር ሲከፍቱ የሚታየውን ወረቀት ነው። መኪናው የሚችለው የሰውና የዕቃ ክብደት እዚያ ተጽፏል። 6,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ መጎተቻው ላይ ከ600 እስከ 900 ፓውንድ ያሳርፋል፤ ይህም ከዚያ ክብደት ላይ ስለሚቆጠር ቤተሰቡ ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሞተሩ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለውና ሞቆም ካልጠፋ ተዉት። የመጎተቻው ኳስ ተፋፍቆ ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጎትቷል ማለት ነውና የካምቢዮ ዘይት የተቀየረበትን ደረሰኝ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።