ሳያጠፉ ጣሪያቸው የወረደባቸው

ከላሊበላ ነጋዴ ጋር ስለ ብድር የተጨዋወተ ሰው አንድ ቅሬታ ሳይሰማ አይነሳም፤ ከፍዬ ሳበቃ ለምን ቀነሱብኝ? ቅሬታው መልኩን ይለዋውጣል። ባለ ሆቴሉ ኦቨርድራፍቱን ሊያሳድስ ሄዶ ከአምናው ያነሰ ተፈቅዶለት ይመለሳል። በስልክ ብድሩ በቴሌብር መላ እየተበደረና እየመለሰ የቆየው ወጣት አንድ ቀን ስልኩን ሲከፍት የሚፈቀድለት መጠን ወርዶ ያገኘዋል። በቡድን ተበድሮ ዕዳውን ያጠናቀቀው የቢልባላ ገበሬ ለቀጣዩ ዙር ሲጠይቅ «ዘንድሮ ይኼን ያህል ነው» ይባላል። ዋሽንግተን ያለው ዘመዱም የክሬዲት ካርዱ ጣሪያ መቀነሱን በኢሜይል ይረዳል።

የተለመደውን ማብራሪያ አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ክፍያ የሚያዘገይ፣ ዕዳ የበዛበት፣ ገቢው የቀነሰ ወይም ሂሳቡን የማያንቀሳቅስ ደንበኛ ጣሪያው ይወርዳል። ይህ እውነት ስለሆነ አልቆይበትም። ብዙም የማይነገረው ግን አበዳሪው ራሱ ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። የደንበኛው ባሕርይ ሳይለወጥ የአበዳሪው ቦታ ሲጠብ የሚቀነሰው የደንበኛው ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ይህ ጣሪያ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደርጓል። ጣሪያው ከመምጣቱ በፊት፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶውን የሚያክል ገንዘብ በአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲያስቀምጡ ታዝዘው ነበር። እንግዲህ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደንበኛውን ቢያምነው፣ ወረቀቱም ቢሟላ፣ ከላይ የተሰፈረለት ካለቀ የሚያበድረው የለውም።

ጣሪያው 14 በመቶ በተባለበት ወቅት ዋጋ በዓመት ወደ 30 በመቶ በሚጠጋ ፍጥነት ይጨምር ነበር። የአንድ ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት የነበረው ሰው ያው አንድ ሚሊዮን ቢታደስለት እንኳ የሚገዛለት ነገር በብዙ ቀንሷል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጄኔሬተር፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የውሃ ፓምፕ ከውጭ የሚያስመጣ ወይም ካስመጣው የሚገዛ ሰው ጣሪያው ደብዳቤ ሳይጻፍበት ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። እኔ እንደማየው ከሁሉ የከፋው ቅነሳ ይህ ነው። ማንም ስለማይነግረው ማንም አይጠየቅበትም።

የባንኮቹ ጣሪያ እጥረትን ይፈጥራል። እጥረቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወሰነው ግን በሌላ ሚዛን ነው፤ ላሊበላ ያለችበት ላስታም የሚጎዳው በዚህ ሚዛን ነው። ባንኩ ለማበደር የቀረውን ጥቂት ገንዘብ አዲስ አበባ ላለ፣ የውጭ ምንዛሪ ለሚያመጣ ላኪ ይስጥ ወይስ ላሊበላ ላለ ሆቴል? የላሊበላን ያለፉ ዓመታት ያስቡ፤ በመጋቢት 2012 ኮቪድ ገባና እንግዳ ጠፋ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ጦርነቱ ሲፈራረቅባት ከረመች። ትንፋሽ ሳታገኝ በ2015 ክረምት የአማራ ክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ የብድር ኮሚቴ እያንዳንዱን ባለ ሆቴል ለይቶ ማወቅ አያስፈልገውም።

መያዣውም ራሱ አብሮ ይወርዳል። በላሊበላ ሆቴሉ፣ ሬስቶራንቱ፣ የእንግዳ መኪናው፣ የቅርስ መሸጫው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በእንግዳ መምጣት። እንግዳ ሲጠፋ የሁሉም ግምት በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ባንኩ አንዱን በሐራጅ ልሽጥ ቢል እንኳ በዚያ ሰሞን ገዢ የለም። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚለው ቃል በተግባር ከተማውን በሙሉ መቀነስ ይሆናል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ ወቅት አሜሪካን ኤክስፕረስ የአንድ አትላንታ ነጋዴን የካርድ ጣሪያ ከ10,800 ዶላር ወደ 3,800 ዶላር አወረደ። በደብዳቤው ከተጻፉት ምክንያቶች አንዱ ሰውየው በገበየባቸው ቦታዎች የገበዩ ሌሎች ደንበኞች ዕዳቸውን በአግባቡ አለመክፈላቸው ነበር። ነገሩ ብዙ አነጋገረ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግም የፌዴራል ሪዘርቭ ይህን አሠራር አጥንቶ ለኮንግረስ እንዲያቀርብ አዘዘ። አሜሪካዊው ቢያንስ ምክንያቱ ተጽፎ ስለደረሰው መከራከር ቻለ። ላሊበላ ያለው ባለ ሆቴል የሚሰማው «ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው» የሚል ቃል ብቻ ነው።

በስልክ የሚሰጠው ብድር ከዚህ የሚያድን ይመስል ነበር። ቴሌብር መላን በ2014 ዓ.ም. ሲጀምር መያዣ የሌለው ሰው በሂሳብ እንቅስቃሴው ተመዝኖ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እንቅስቃሴ ማለት ገበያ ማለት ነው። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድም ተዘጋ። አገልግሎቱ ያለ ዳታ በአጭር ቁጥር ቢሠራም የሚሸጥና የሚገዛ ከሌለ የሚመዘገብ ነገር የለም። በስሌቱ ዓይን ስንፍና ያቆመው ሱቅና ጦርነት ያዘጋው ሱቅ አንድ ናቸው።

ከገጠሩ አንፃር የምጠራጠረው ሌላ ነው። በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ የላስታን ገበሬ በቡድን ዋስትና ያበደረ ተቋም ነበር። ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ መሆኑ አቅሙን አሳድጎለት ይሆናል፤ ግን ከባንኮች ሕግና ከብድር ጣሪያው ሥርም አስገብቶታል። የባንክ በጀት ዓመት የሚዘጋው በሰኔ 30 ነው። የዓመቱ ድርሻ እየተሟጠጠ የሚሄድባቸው ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ገበሬው ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለበሬ ገንዘብ የሚሻባቸው ወራት ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰፈር ጣሪያ የላስታን የእርሻ ወቅት አያውቀውም።

መዘዙ ከምክንያቱ ይከብዳል። የላሊበላ ሆቴል ዓመቱን የሚሸከመው በገናና በጥምቀት ነው። አንሶላው፣ ቀለቡ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚገዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያ ጊዜ የሥራ ማስኬጃው የተቀነሰበት ሰው ግማሽ ክፍሎቹን ብቻ ይከፍታል። አስጎብኚው፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ከሹምሸሃ እንግዳ የሚያመላልሰው ሹፌር፣ ከኩልመስክ በግ የሚያመጣው ገበሬ አብረው ይቀንሳሉ። የባሰበት ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ገቢው ሲያንስ ክፍያው ይዘገያል፤ ያን ጊዜ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በመጨረሻም ኮሚቴው «ላሊበላ ያሰጋል ብለን አልነበር?» ይላል፤ ሥጋቱን እውን ካደረጉት ነገሮች አንዱ የራሱ ቅነሳ መሆኑ የትም አይመዘገብም።

ጣሪያው አያስፈልግም አልልም። የዋጋ ንረቱ ከዚያ ወዲህ መውረዱ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ለአገር ሁሉ አንድ ቁጥር መስፈር ሸክሙን እኩል አያካፍልም፤ አቅም ያለው በሌላ በር ይገባል፣ ላስታ ያለው ይቀራል። ብሔራዊ ባንክ ጣሪያውን ሲያወጣ በግጭት የተጎዱ አካባቢዎችን ብድር ከቁጥሩ ውጭ ማድረግ፣ ባንኮችም ገደብ ሲቀንሱ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡ ማስገደድ ይችላል። ሁለቱም ከቀረጥ እፎይታና ከዕርዳታ በላይ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።

እርስዎም ጣሪያዎ ከወረደ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የተቀነሰው በእኔ ታሪክ ነው ወይስ በባንኩ ድርሻ? መልሱን በጽሑፍ ያስሰጡ። በታሪክዎ ከሆነ የብድር መረጃዎ ትክክል መሆኑን ያጣሩ። በድርሻው ከሆነ ጥያቄዎን በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ በሐምሌ፣ መልሰው ያቅርቡ። መልስ የሚከለክልዎት ካለ አቤቱታዎን ለብሔራዊ ባንክ ያድርሱ።