ለጥርስ ቅርጽ የሚሞቱ ሕዋሳት

መንጋጋ ጥርስዎን በምላስዎ ቢዳስሱት ጉብታና ጎድጓዳ ያገኛሉ። ይህን መልክ ያወጣው ማኘክ አይደለም፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ጠንካራ ሽፋኑ ኢናሜል ሳይነጠፍ የተወሰነ ነው። የወተት ጥርስ ሥራ የሚጀመረው ፅንሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ሲሆን፣ ቆየት ብሎ በጥርሱ እምቡጥ መካከል ጥቂት ሕዋሳት ተጠጋግተው ቋጠሮ ይሠራሉ። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ እነ ኢርማ ቴስሌፍና ዩካ የርንቫል በ1990ዎቹ በአይጥ ጥርስ ላይ ባደረጉት ምርምር የቋጠሮው ጠባይ ጎልቶ ታየ። ሕዋሳቱ ራሳቸው አይባዙም፤ ለጎረቤቶቻቸው ግን «ተባዙ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ። መሃሉ ባለበት ቆሞ ዳርና ዳሩ ሲያድግ እምቡጡ ይታጠፋል፤ ጉብታውም ከዚያ ይነሳል። ላኪዎቹም ይሞታሉ።

ይህ ሞት አደጋ አይደለም። ሕዋሱ በራሱ ውስጥ ባለ ትእዛዝ ይጨማደዳል፣ ዲኤንኤውን ቆራርጦ በትናንሽ ከረጢቶች ይከፋፈላል፣ ጎረቤቶቹም ይውጡታል፤ እብጠትም መግልም የለም። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ በ1972 ስም ሲያወጡለት የቅጠል መርገፍን ከሚገልጽ የግሪክ ቃል ወስደው «አፖፕቶሲስ» አሉት። ሞቱን እንደ መሮ ማየት ግን ስሕተት ይመስለኛል። ጣቶቻችንን የሚለያየው ሞት በመሃል ያለውን ሥጋ ያነሳል፤ በጥርስ ቋጠሮ የሚነሳው ሥጋ ኢምንት ነው፤ ዋናው ነገር መልእክቱ መቋረጡ ነው። እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ለዚህ ሞት የሚያስፈልገው ካስፔዝ 3 የተባለ ኢንዛይም በሌላቸው አይጦች ቋጠሮው ውስጥ ሞት ቢታጣም መንጋጋ ጥርስ በቅሏል። ታዲያ ሞቱ ምን ሠራ? ሕዋስ ሳይሞትም መልእክት መላኩን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ማስረጃው «ሞት ብቸኛው ቀራጭ ነው» የሚለውን ያፈርሳል እንጂ፣ ከማቆሚያ መንገዶቹ አንዱ መሆኑን አይነካም።

ሞቱ በኑሯችን የሚሰማን ኢናሜል ላይ ነው። እሱን የሚያነጥፉት አሜሎብላስት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። በአይጥ የፊት ጥርስ ላይ በተደረገ ቆጠራ ሩብ ያህሉ ከማንጠፍ ወደ ማጠንከር ሲሸጋገሩ፣ ሌላ ሩብ ደግሞ በማጠንከሩ ጊዜ ይሞታሉ። በሰው የተረፉትም ጥርሱ ድዱን ጥሶ ሲወጣ ይጠፋሉ። የተሰበረ አጥንት የሚጠግኑት ሕያው ሕዋሳት አሉት፤ ኢናሜል ግን ሠሪ አልቀረለትም። መበስበስ ሲጀምር ፍሎራይድ የሟሟውን ማዕድን ለመመለስ ያግዛል፤ የተቦረቦረውን ግን ሐኪም ካልሞላው ሰውነት አይሞላውም። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የሚበቅልለት የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ፣ በስድሳ ዓመቱም የሚኖረው ያው ሕዋሳቱ ከመሞታቸው በፊት ያነጠፉለት ኢናሜል ነው።