በደም ውስጥ የሚመላለሱ ጥቃቅን ፖስታዎች

አንባቢ ሆይ! አልበርት አይንስታይን በምን ሕመም እንደ ሞተ ያውቃሉን? ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ የደረሰበትን የሚያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ለሞት ያበቃው ግን በሆዱ ውስጥ ያበጠ ደም ሥር መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ይህ ደም ሥር አኦርታ የሚባለው ታላቁ ደም ቅዳ ነው። ከልብ ተነሥቶ፥ የጀርባ አጥንትን ተከትሎ እስከ እምብርት አጠገብ ይወርድና ለሁለቱ እግሮች ይከፈላል። በሆድ ውስጥ ያለው ክፍል በጤናማ ሰው ዘንድ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ላልቶ እንደ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ሲነፋና 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች አኒውሪዝም ይሉታል።

በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) አይንስታይን በኒው ዮርክ ሆዱ ተከፍቶ ቢታይ፥ ሩዶልፍ ኒሰን የተባለው ቀዶ ሐኪም ያበጠውን ደም ሥር በሴሎፋን ጠቀለለው። አዎን፥ ከረሜላ በሚጠቀለልበት በዚያው በሚያንጸባርቀው ወረቀት! ሰውነት ባዕድ ነገር ሲነካው ጠባሳ ያወጣል፥ ጠባሳውም ግድግዳውን ያጠነክረዋል ተብሎ ነበር። ሊቁ ከዚያ በኋላ 7 ዓመት ያህል ኖረ። በ1955 ደም ሥሩ ፈነዳ፤ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ይደረግልህ ቢሉት እንቢ አለ፤ ኤፕሪል 18 ቀን በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ዝምታው ነው። አያምም፥ አያስልም፥ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ሲፈነዳ ግን ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ይሞታሉ። ይበልጥ የሚያጠቃው በዕድሜ የገፉ ወንዶችን፥ ከእነርሱም ሲጋራ የሚያጤሱትን ነው። ሲጋራ የማይለያቸው አዛውንት አባት ካሉዎት፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

እርግጥ፥ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ያለ ሕመም ይታያል። በእንግሊዝ አገር ወንድ ሁሉ 65 ዓመት ሲሞላው ለዚሁ ምርመራ ይጠራል። የወንድ ሰው እብጠት 5.5 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ሐኪሞች ስለ ቀዶ ሕክምና ይመክራሉ። 4 ሳንቲ ሜትር የሆነበት ሰውስ? እርሱ ይጠብቃል። መለኪያው የዛሬውን ስፋት ይናገራል እንጂ የነገውን አይናገርም፤ አንዱ ለዓመታት ባለበት ሲቆይ የሌላው በፍጥነት ያብጣል። እብጠቱን ያዘገያል የተባለው ዶክሲሳይክሊን እንኳ በአሜሪካ ለ2 ዓመት ተሞክሮ፥ ውጤቱ በ2020 ሲገለጥ ከባዶ እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

መርማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ጥቃቅኖቹ ከረጢቶች የጣሉት በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው።

የሰውነታችን ሴሎች ከገላቸው ቆንጥረው ወደ ውጭ የሚለቋቸው ከረጢቶች አሉ። ከትናንሾቹ መካከል 100 ናኖ ሜትር የሚሆኑትን በአንድ መስመር ብንደረድር በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 10,000 ይገባሉ። ፒተር ዎልፍ በ1967 ከደም አርጊ ሴሎች የወጡትን አይቶ «ትቢያ» ብሎ ነበር። በ1983 በሞንትሪያል ሮዝ ጆንስቶንና ባልደረቦችዋ ገና ያልበሰሉ የበግ ቀይ የደም ሴሎችን ሲመረምሩ፥ ሴሎቹ የማያስፈልጋቸውን ዕቃ በእነዚህ ከረጢቶች አውጥተው እንደሚጥሉ ተመለከቱ። ስለዚህም ለብዙ ዘመን የቤት ጥራጊ ተደርገው ተቈጠሩ። በ2007 ግን የስዊድን መርማሪዎች በጎተቦርግ ከተማ፥ ከረጢቶቹ አርኤንኤ የተባለውን የሴል መልእክት እንደሚይዙና ተቀባዩም ሴል ሊያነበው እንደሚችል አሳዩ።

በቢሮ ለሚሠራ አንባቢ ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ፖስታ ነው። ከላይ የላኪው ማኅተም አለ፥ ከውስጥ ደብዳቤው አለ። በታመመ አኦርታ ግድግዳ ውስጥ የሚገቡት ማክሮፋጅ የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ክፉ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በቤተ ሙከራ እንደ ታየው፥ ከእነርሱ የወጡት ከረጢቶች የደም ሥሩን የጡንቻ ሴሎች ግድግዳውን የሚበላ ኤንዛይም አብዝተው እንዲያወጡ ይገፋፏቸዋል። እንግዲህ ከክንድ በተቀዳ ጥቂት ደም ውስጥ ይህን ደብዳቤ መጥለፍ ቢቻል፥ የማን እብጠት እንደሚፈጥን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከአኦርታ የመጣው በብዙ ሺህ ሚሊዮን ሌሎች ከረጢቶች መካከል ይጠፋል፤ በመጠን የሚመስሉት የስብ ቅንጣቶችም አሉ። ይባስ ብሎ፥ የተቀዳው ደም ጥቂት ቢዘገይ ወይም ቢነቀነቅ ደም አርጊ ሴሎች በብልቃጡ ውስጥ አዲስ ከረጢት ይጨምራሉ። የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤት ከሌላው ጋር አለመስማማቱ አያስደንቀኝም።

ለመድኃኒትነትም ታስበዋል። በ2018 በወጣ የአሜሪካ ምርመራ ከግንድ ሴል የተሰበሰቡ ከረጢቶች በአይጥ አኦርታ ላይ እብጠቱን ቀንሰዋል። ይሁንና የአይጡ እብጠት በኤንዛይም በጥቂት ቀን የተሠራ ነው፤ የሰው ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ይህንን ልዩነት ነጋዴዎች አይናገሩም። በ2019 በነብራስካ ኤክሶሶም የሚባለውን ያልተፈቀደ ፈሳሽ የተወጉ ሰዎች ስለ ታመሙ፥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እስከዚያ ቀን ከዚህ ዓይነቱ አንድም የፈቀደው አልነበረም።

መርማሪዎች አሁን የሚጠይቁት ትዕግሥት ነው። እብጠታቸው ገና ትንሽ ከሆነ ሰዎች ደም ይቀዳና በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ሰዎቹም በየጊዜው ይለካሉ። ከዓመታት በኋላ የማን ደም ሥር እንደ ሰፋ ሲታወቅ ያ ብልቃጥ ወጥቶ ይቀልጣል፥ ፖስታውም ያን ጊዜ ይከፈታል።