ስኳር ያልበዛበት የፍሬ መጠጥ በቤታችን

እንግዳን በመልካም መስተንግዶ መቀበል ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። አባታችን አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ መንገደኞችን እንደ ተቀበለ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማረው የኖርነው ነገር ነውና፣ ወደ ቤታችን የገባ ሰው ጉሮሮውን ሳያርስ እንዲወጣ አንፈቅድም። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን ለእንግዳ የምናቀርበው መጠጥ እንግዳውን የሚጠቅመው ነው ወይስ የሚጎዳው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጥያቄ አንሥቶ፣ በአካባቢያችን ከሚገኘው ፍሬ ስኳር ያልበዛበት መጠጥ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለእናቶችና ለእኅቶች፣ ለአባወራዎችም ጭምር ማስረዳት ነው።

እኛ የምንኖርባት ሴቻ ከአርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ክፍሎች አንዷ ናት። ሲቀላ ከታች በሜዳው ስትሆን፣ ሴቻ ከላይ በከፍታው ላይ ሆና የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም ያለውን «የእግዜር ድልድይ» የተባለውን የምድር ድንበር ትመለከታለች። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከሥሯ ባለው ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በላንቴ፣ በጫኖና በሼሌ ሙዝና ማንጎ ይመረታል፤ ፓፓያና አቮካዶም ከገበያችን አይጠፋም። ወደ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጨንጫ የደረሰ ሰው ደግሞ በደጋው አየር የበቀለ ፖም ያገኛል። እግዚአብሔር ቆላውንና ደጋውን እንዲህ አቀራርቦ ሲሰጠን፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ጊዜ እኛ የምንሮጠው ወደ ፍሬው ሳይሆን በሣጥን ወደተደረደረው ለስላሳ መሆኑ ያስገርማል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። በአንድ ዓመት በዓቢይ ጾም ወራት የጽዋው ተራ የእኛ ነበረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ አባላት ተሰበሰቡ፤ የነፍስ አባታችንም መጥተው ጸሎት አድርሰው ጸበል ጻዲቁን ባረኩ። ሙቀቱ እጅግ የበረታ ስለ ነበረ ባለቤቴ ከበረዶ ውስጥ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ከፍታ አቀረበችላቸው። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መርቀው ጠጡት። ያን ዕለት ሌሎች ሦስት ቤቶችም ጠርተዋቸው ነበርና በእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጠርሙስ ቀረበላቸው። ሲመሽ ዐይናቸው ፈዝዞ፣ ጥማቸው አልቆርጥ ብሎ ወደ ሐኪም ተወሰዱ። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው እርሳቸው ያውቁ ኖረዋል፤ እኛ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

በማግሥቱ ልንጠይቃቸው ሄድን። ባለቤቴ እያለቀሰች «አባታችን፣ ለምን አልነገሩንም?» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ሰው ያለውን ከፍቶ ሲያቀርብልኝ እንቢ ብል ናቀን ብሎ ያዝንብኛል ብዬ ፈራሁ» ሲሉ መለሱ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እኛ በፍቅር አቀረብን፤ እርሳቸው በይሉኝታ ተቀበሉ፤ በመካከሉ ግን ሰውነታቸው ተጎዳ።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር ይኖርበታል፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። አራት ጠርሙስ ማለት 120 ግራም፣ ወይም 30 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ጤነኛ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል መክሯል። እንግዲህ ለጤነኛ የተወሰነው ይህ ከሆነ፣ አንድ ሕመምተኛ ሽማግሌ በአንድ ቀን ምን ያህል ሸክም እንደ ተጫነባቸው መገመት አያዳግትም።

ይህን ያህል ስኳር ጠጥተን ለምን አይሰለቸንም? ቢሉ፣ ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው። እጅግ የቀዘቀዘ ነገር ጣፋጭነቱ ለምላስ በሙሉ አይሰማም። ያንኑ ለስላሳ ለብ አድርጎ የቀመሰ ሰው እንደ ሽሮፕ ሆኖ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ማረም ያስፈልጋል። አንደኛው፣ «ስኳር ይቅርና ማር ይሁን» የሚለው ነው። ማር ክቡር ምግብ መሆኑ እውነት ነው፤ ብርዝም የአባቶቻችን መጠጥ ነው። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው መመሪያ የማርን ጣፋጭነት ከስኳር ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጠቢቡ ሰሎሞንም ማር ያገኘ ሰው ልኩን እንዲያውቅ መምከሩን የምናስታውሰው ነው። ሁለተኛው ስሕተት፣ «ከፍሬ የተጨመቀ ሁሉ ጉዳት የለውም» ማለት ነው። አንድ ብርቱካን የበላ ሰው ከነአሰሩ ስለሚበላው ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደሙ ይገባል። ሦስትና አራት ብርቱካን ጨምቆ፣ አሰሩን በወንፊት አጥልሎ የጠጣ ሰው ግን ስኳሩን በአንድ ጊዜ ይወስደዋል። በየጁስ ቤቱ የምናየው ባለ ሦስት ቀለሙ ስፕሪስም በላዩ ስኳር ወይም ሽሮፕ ሲጨመርበት ከለስላሳው የማይሻልበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ በቤት ለምናዘጋጀው መጠጥ አራት ደንቦችን እናስቀምጥ። ፍሬው ጥቂት፣ ውኃው ብዙ ይሁን። አሰሩ አይጣል። ጣዕሙ ከስኳር ሳይሆን ከሎሚ፣ ከዝንጅብል፣ ከናናና ከጠጅ ሣር ይምጣ። ብርጭቆው ትንሽ ይሁን። ውኃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ፍሬው ከመቆረጡ በፊት በሚገባ የታጠበ መሆን እንዳለበት ለንጹሕ ባለሙያ መንገር አያሻም።

የመጀመሪያው የሎሚና የናና ውኃ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አውራ ጣት የሚያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና አንድ እፍኝ ናና ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ስኳር ፈጽሞ አይገባበትም። ላልለመደ ሰው ጥቂት ስስ የብርቱካን ቁራጮች ቢጣሉበት ሽታውም መልኩም ያምራል።

ሁለተኛው የፓፓያ መጠጥ ነው። 300 ግራም የበሰለ ፓፓያ ከአንድ ሎሚ ጭማቂና ከሁለት ብርጭቆ ውኃ ጋር ይፈጫል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም በሹካ አድቅቆ መምታት ይቻላል። ለአራት ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የፍሬው የራሱ ስኳር 6 ግራም ገደማ ነው። ፓፓያ ብቻውን ለአንዳንድ ሰው ሽታው አይስማማም፤ ሎሚው ግን ያንን ይሽረዋል።

ሦስተኛው ለበዓልና ለእንግዳ የሚሆነው የቤት ስፕሪስ ነው። ግማሽ አቮካዶ፣ 150 ግራም ፓፓያና 100 ግራም ማንጎ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በጥቂት ውኃ ይፈጫሉ። አቮካዶው ስኳር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ውፍረቱ ግን ሆድን ይይዛል። እርሱ ከሥር ይሆንና ፓፓያው፣ ቀጥሎም ማንጎው በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እየተባለ ይፈሳል፤ ወፍራም ከሆነ አይደባለቅም። ከላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። በሦስት ብርጭቆ ሲከፈል የእያንዳንዱ ስኳር ከ9 ግራም ብዙ አይርቅም፤ ከለስላሳው ሲነጻጸር ሲሶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

አራተኛው የጠጅ ሣር ሻይ ነው። ጠጅ ሣሩ ከቀረፋ ጋር ይፈላና ይቀዘቅዛል፤ የጨንጫ ፖም በስሱ ተቆርጦ ከነልጣጩ ይጨመርበታል። ፖሙ ሻዩን በጥቂቱ ያጣፍጠዋል፤ በመጨረሻም ይበላል።

አምስተኛው አያቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ በጾም ወራት የሚጠጣው የተልባ ውኃ። ተልባው ተቆልቶ ይፈጭና በውኃ ይበጠበጣል። በብዙ ቤት ማር ወይም ስኳር ይገባበታል። በዚህ ፈንታ ግማሽ የበሰለ ሙዝ አድቅቆ ቢመቱበት ለሁለት ሰው የሚበቃ ለስላሳ ጣዕም ይሰጠዋል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ስለ በረዶ አይጨነቅ። ውኃውን በሸክላ ገንቦ አድርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ቢያስቀምጠው፣ ከሸክላው የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የውስጡ ውኃ ይቀዘቅዛል። መጠጡም መጠነኛ ቅዝቃዜ ሲኖረው የፍሬው ጣፋጭነት ይበልጥ ስለሚሰማ ስኳር መጨመር አያስፈልግም።

በፍሬ መጠጥ ነገር ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላም ጉዳይ አለ። የተፈጨ ፍሬ በሴቻ ሙቀት አያድርም። በፍሬው ልጣጭ ላይና በአየር ውስጥ ያለው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋልና፣ ለሕፃንና ለጿሚ ያዘጋጀነው መጠጥ በማግሥቱ ጠጅ ወደ መሆን ያዘነብላል። ከዚያም አልፎ የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ስለዚህ የሚጠጣውን ያህል ብቻ ማዘጋጀት ይገባል።

ስለ ሕሙማንም አንድ ቃል ልጨምር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እነዚህንም መጠጦች ቢሆን በልክ እንዲወስድ፣ መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር እንዲመካከርበት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጾም ጊዜ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ሳያማክር ምግብ አይተው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙም የምትራራ እናት ናት። ደግሞም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ላብ ቢያሰምጠው፣ ቢንቀጠቀጥና ቢደናገረው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና፣ አፉን መዋጥ እስከ ቻለ ድረስ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ስኳር ያለበት መጠጥ ነው፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም መወሰድ ይገባዋል።

የጣፋጭ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ተማሪ ፊደልን ከ«ሀ» ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚለይ ሁሉ፣ ምላስም ቀስ በቀስ ይማራል። በሻዩ ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንስ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ያለ ስኳር መጠጣት ይችላል፤ የቀድሞውንም ሲቀምስ ይከብደዋል። ልጆች ደግሞ ከቃል ይልቅ የወላጆቻቸውን ብርጭቆ ይመለከታሉ።

በተከታዩ ዓመት የጽዋው ተራ ተመልሶ ወደ ቤታችን ደረሰ። በዚያን ዕለት ለስላሳ አልተገዛም። የሎሚና የናና ውኃ በጆግ፣ ስፕሪሱም በትናንሽ ብርጭቆ ተሰናድቶ ቀረበ። ባለቤቴም ከማቅረቧ በፊት ጎንበስ ብላ «አባታችን፣ የቱ ይስማማዎታል? ስኳር የገባበት የለም» ስትል ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም የሎሚውን ውኃ መረጡና ጠጥተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ዛሬ ሳልፈራ ጠጣሁ» አሏት።

አንባብያን ሆይ፣ የመስተንግዶ ፍጻሜው ይህ ይመስለኛል፤ እንግዳው ሳይፈራ የሚጠጣው ጽዋ። ፍሬውን እግዚአብሔር ሰጥቶናል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ከማቅረባችን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።