ያበደ ውሻም ዘሩ ይቆጠራል

«ረሃብና ጥም ናላውን አዞረው እንጂ ደህና ውሻ ነበር።» ውሻ ያበደበት ሰፈር ይህን የሚል ሰው አያጣም። አንዱ ረሃቡን፣ ሌላው የበጋውን ፀሐይ፣ ሦስተኛው የበላውን ጥንብ ይወነጅላል። የሁሉም ሐሳብ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ እብደቱ ከዚያው ከውሻው ፈልቋል። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ከሚወሩት ሁሉ መዘዙ የከፋው ይህ ይመስለኛል። በሽታው ከረሃብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ውሻ ማስከተብ ለምን ያስፈልጋል? ማብላት ይበቃ ነበር።

ውሻ ተርቦ ይሞታል፤ ተርቦ ግን አያብድም። ያበደ ውሻ ሁሉ ቫይረሱን የተቀበለው ከሌላ ካበደ እንስሳ ለሃጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በንክሻ። የነከሰው ከሌላ፣ ሌላውም ከሌላ። ይህ በግምት የሚነገር አይደለም፤ በቫይረሱ ዘረመል ላይ የሚነበብ የትውልድ ሐረግ ነው።

አነባበቡን ለመረዳት የቁም ጸሐፊዎቻችንን ሥራ ማሰብ ይበቃል። አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ቃል ይስታል። የእሱን ቅጂ እያየ የሚጽፈው ደቀ መዝሙር ስሕተቷን እንዳለች ይወስዳታል፤ የራሱንም አንድ ይጨምርባታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ብራናዎቹን ጎን ለጎን ዘርግተው የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ በስሕተቶቹ ይለያሉ። የእብድ ውሻ ቫይረስም 12,000 ገደማ ፊደላትና አምስት ጂኖች ብቻ ያሉት አጭር መጽሐፍ ነው። ራሱን ሲያባዛ አራሚ የለውም። ስለዚህ የሁለት ውሾች ቫይረስ ስሕተቶቹ ሲመሳከሩ የሥጋ ዘመዳሞች ይሁኑ የሩቅ ባዕዶች ይታወቃል።

በዚህ ቆጠራ የኢትዮጵያ ውሾች ቫይረስ ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ አገሮች ቫይረስ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ይገኛል። ቅርንጫፉ የበቀለበት ግንድ «ኮስሞፖሊታን» ይባላል፤ ተመራማሪዎች ግንዱ ዓለምን ማዳረሱን በቅኝ ግዛት ዘመን ከአውሮፓ ከተሻገሩት ውሾች ጋር ያያይዙታል። በዚያው ዘመን በእኛ አገር በ1884 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን ያስጨነቀ ወረርሽኝ ተመዝግቧል።

ተረት፦ በሽታው የጥንት ስለሆነ ቫይረሱም ያው የጥንቱ ነው

ገሚሱ እውነት ነው። ዛሬ ኢራቅ በምንለው ምድር ከ3,700 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፈው የኤሽኑና ሕግ፣ ውሻው ማበዱ ተነግሮት ያልጠበቀ ባለቤት ውሻው ሰው ነክሶ ቢገድል 40 ሰቅል ብር እንዲከፍል ያዛል። በሽታው ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ቫይረሱ ግን ሌላ ይላል። በ2016 የታተመ ጥናት ከ60 በላይ አገሮች የተሰበሰቡ 321 ቫይረሶችን ሙሉ ዘረመል አመሳከረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ከውሻ ጋር የተያያዘ የቫይረስ ሐረግ ሁሉ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚገናኝበት አያት የኖረው ከ1308 እስከ 1510 ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በኤሽኑና ያበደው ውሻና ዛሬ በሰፈራችን የሚያብደው ውሻ መካከል ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ የጥንቶቹ ሐረጎች ወራሽ ሳይተዉ ጠፍተው ዛሬ የምናየው ከአንድ ቤት የተረፈውን ዘር ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ለውጦችን እየቆጠረ ዕድሜ የሚለካውን ሰዓት ይጠራጠራል፤ ጎጂ ለውጦች እየተጠረጉ ሲሄዱ የድሮው ዘመን አሻራ ስለሚደበዝዝ ስሌቱ ዕድሜውን ሊያሳጥረው ይችላል ይላል። እኔ ሁለቱም አሉበት ባይ ነኝ።

ተረት፦ ቫይረሱ እንደ ጉንፋን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የድሮ ክትባት አይሠራም

ስሕተት መሥራቱን በእርግጥ ይሠራል፤ ስሕተቱ ግን ብዙ አይቆይም። ይህ ቫይረስ መንገዱ ጠባብ ነው። ከንክሻው ቦታ ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል መውጣት፣ ከአንጎል ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢ መውረድ፣ ይህንንም ተሸካሚው ሳይሞት መጨረስ አለበት። ከመንገዱ በአንዱ የሚያደናቅፈው ለውጥ ከውሻው ጋር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት የሚጸናው ለውጥ ጥቂት ፊደል ነው።

ሉዊ ፓስተር በ1882 ከአንዲት ላም የተገኘውን ቫይረስ ከጥንቸል አንጎል ወደ ጥንቸል አንጎል እያሸጋገረ በተከታታይ አሳለፈው። 90 ጊዜ ገደማ ሲያልፍ ቫይረሱ ጥንቸልን የሚያሳምምበት ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት አጥሮ ረጋ። ፓስተር ዘረመል የሚባል ነገር ሳያውቅ ዝግመተ ለውጥን በእጁ ሲያካሂድ ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 1885 በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ላይ የተሞከረው ክትባት ከዚህ ተዘጋጀ። በ1980ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የዚህ ቫይረስ ዘረመል ሲነበብ 11,932 ፊደላት ሆነ። ከዚያ ሐረግ የወረዱ ክትባቶች ዛሬም ሰው ያድናሉ።

ተረት፦ የበሽታው ምንጭ ውሻ ነው

ለሰው፣ አዎን፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ ገደማው በውሻ የተያዘ ነው። የቫይረሱ ዘመዶች ግን አብዛኞቹ የሚኖሩት በሌሊት ወፍ ውስጥ ነው፤ ወደ ሥጋ በሎቹ የተሻገረውም ከዚያ ነው የሚለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። የሚገርመው፣ ራሱ የእብድ ውሻ ቫይረስ በሌሊት ወፍ ውስጥ የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ መሆኑ ነው። በአፍሪካ የሌሊት ወፍ የያዘው የአጎት ልጆቹን ነው። አንዱ በ1956 በሌጎስ ተገኘ። ከሌሊት ወፍ ውጭ የተገኙ ዘመዶችም አሉ፤ ሞኮላ የተባለው በ1968 በናይጄሪያ አይጥ ከምትመስል ትንሽ እንስሳ ወጣ። ኢኮማ ደግሞ በ2009 ታንዛኒያ ውስጥ፣ ሴሬንጌቲ ላይ፣ ከአንድ ጥርኝ ተገኘ።

እኛም አላመለጥንም። በ1992 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 ቫይረሶች ሲመረመሩ ሁለቱ ከሞኮላና ከሌጎስ ዘር ሆነው ተገኙ። ለእነዚህ ሁለት ዘሮች የታወቀው ክትባት እምብዛም አይመክትም። እጅግ ብርቅ ስለሆኑ ግን በእነሱ ሰበብ ክትባትን ማጣጣል፣ አንድ ሌባ በመስኮት ገባ ብሎ በሩን ከፍቶ እንደማደር ነው።

ተረት፦ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የበሽታው ጎተራ ናቸው

ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ የተለዋወጡበት ወሬ ነው። በ1991፣ በ2003 እና በ2008 በባሌ ተራሮች ቀበሮዎቹን የጨረሰው ቫይረስ የውሻ ቫይረስ ነበር። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ውስጥ ከአራት ሦስት እጁ ገደማ አለቀ። በመላው ዓለም ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ይህ ቁጥር ቫይረሱን አቆይቶ የሚያኖር አይደለም። ውሻ ያመጣዋል፣ ቀበሮው ያልቃል።

በ2018 በፍየል ሥጋ ውስጥ የተሸሸገ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ይሰጣቸው ጀመር። ክትባቱ የተገኘበት ቫይረስ በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ ላይ ካበደ ውሻ የወጣ ሲሆን፣ ጉልበቱን ለመስበር በአንድ ወሳኝ ቦታ ሁለት ፊደላት ተለውጠውበታል። የአላባማው ውሻ ቫይረስና የባሌው ውሻ ቫይረስ የአንድ ግንድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ያንዱን መልክ የለየ ሰውነት ሌላውንም አይስትም።

ውሻ የነከሳችሁ እንደሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ውሻው በልቶ ነበር ወይስ ጦሙን ነበር እያላችሁ ሳትከራከሩ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ።